ኢማንና አመኔታ፦ «ሳይንሳዊ ተኣምር» በተባለው የተፍሲር ዘይቤ ላይ የቀረበ ሂስ

በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም ገና ሕፃን ሳለ በመዲና ሞተ። በዚያው ዕለት ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎችም ፀሐይ የተጋረደችው በኢብራሂም ሞት ምክንያት ነው አሉ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን አባባል አልተቀበሉትም። ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች መካከል ሁለቱ እንደሆኑ፣ ለማንም ሰው ሞትም ሆነ ሕይወት ሲባል እንደማይጋረዱ አስታወቁ፤ ግርዶሽ ያየ ሰው ወደ ሶላትና ወደ ዱዓ እንዲያመራም አዘዙ።

ይህን ሐዲሥ አብዛኞቻችን በሶላተል ኩሱፍ ምዕራፍ ሥር እናስተምረዋለን። ሆኖም ከፊቅሁ ባሻገር ሌላ ታላቅ ትምህርት ይዟል። ሕዝቡ ማንም ሳያዘው፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ከሰማይ የመጣ የሚመስል ምስክር ለነቢዩ አቅርቦላቸው ነበር። ዝም ቢሉ ወሬው በየመንደሩ ተዛምቶ ለመልእክታቸው ድጋፍ በሆነ ነበር። እሳቸው ግን በልጅ ሐዘን ውስጥ ሆነው እንኳ ዝም አላሉም። እውነተኛው መልእክት እውነት ባልሆነ ምስክር እንዲደገፍ አልፈቀዱም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው «የቁርኣን ሳይንሳዊ ተኣምር» (ኢዕጃዝ ዒልሚ) የሚል ስም የተሰጠውን የዘመናችንን የተፍሲር ዘይቤ ነው። ዘይቤው የቅዱስ ቁርኣንን አናቅጽ ከዘመኑ የተፈጥሮ ሳይንስ ግኝቶች ጋር እያመሳከረ፣ መመሳሰላቸውን ለቁርኣን እውነተኛነት ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል። በየመስጂዱና በየመድረሳው የምናገለግል ሁሉ እናውቀዋለን፤ ወጣቶች በጉጉት የሚሰሙት ርእስም ነው። የኛ ሂስ የጸሐፊዎቹን ቅንነት የሚነካ አይደለም። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ዘይቤው በሃይማኖት ውስጥ ያለውን ኢማን በተፈጥሮ ሳይንስ ውስጥ ካለው አመኔታ ጋር ያደባልቃል፤ በዚህም ምክንያት ሊያጸናው የተነሣውን ኢማን ለነፋስ ያጋልጠዋል።

የዘይቤው አመጣጥ

ቁርኣንን ከተፈጥሮ ዕውቀት ጋር አያይዞ ማንበብ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ20ኛው ምዕተ ዓመት ግን አዲስ መልክ ያዘ። ግብጻዊው ሸይኽ ጠንጣዊ ጀውሀሪ «አል-ጀዋሂር» የተባለውን ብዙ ቅጽ ያለው ተፍሲራቸውን ሲያዘጋጁ፣ በውስጡ የዕፅዋትንና የእንስሳትን ሥዕሎች ሳይቀር አካተዋል። ሸይኹ ስለ ፍጥረተ ዓለም የሚናገሩ አናቅጽ ከ750 በላይ ሲሆኑ ግልጽ የፊቅህ አናቅጽ ግን ከእነርሱ እጅግ ያነሱ ናቸው፤ ታዲያ ዑለማኡ በጥቂቶቹ ላይ ይህን ሁሉ መጻሕፍት ሲጽፉ ስለ ብዙዎቹ ስለምን ዝም አሉ? ብለው ይጠይቁ ነበር። ጥያቄው የመነጨው የሙስሊሙ ዓለም በቅኝ ገዥዎች ተይዞ በዕውቀት ወደ ኋላ ከቀረበት ቁጭት ነው። ወጣቱን ወደ ትምህርት ለመቀስቀስ የታሰበ በመሆኑ ሊከበር ይገባዋል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ሞሪስ ቡካይ በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ መጽሐፍ ቅዱስን፣ ቁርኣንንና ሳይንስን አነጻጸሩ፤ የዘመኑ ሳይንስ ሊያስተባብለው የሚችል ቃል በቁርኣን ውስጥ አላገኘሁም ወደሚል መደምደሚያም ደረሱ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ በብዙ ቋንቋዎች ተተረጎመ፤ ይህንኑ መንገድ የሚከተሉ ጉባኤዎችና ተቋማትም ተመሠረቱ። የጀውሀሪና የቡካይ ዓላማ ግን አንድ እንዳልሆነ ልብ እንበል። ጀውሀሪ ከቁርኣን ተነሥተው ሙስሊሙን ወደ ሳይንስ ይጠሩ ነበር። ከቡካይ በኋላ የመጣው ዘይቤ ደግሞ ከሳይንስ ተነሥቶ ለቁርኣን ምስክር ይጠራል። ሂሳችን የሚያተኩረው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

የኢማም አል-ገዛሊ ሁለት ጉዳቶችና ሦስተኛው

ኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ (450–505 ዓ.ሒ.፣ 1058–1111 እ.ኤ.አ.) «አል-ሙንቂዝ ሚነ-ድ-ደላል» በተባለው መጽሐፋቸው ከሒሳብና ከሥነ ፈለክ ትምህርት ሁለት ጉዳቶች ሊመጡ እንደሚችሉ ጽፈዋል። የመጀመሪያው በተማሪው በኩል ይመጣል። የሒሳብን ጥራት አይቶ ይደነቃል፤ ፈላስፎች በሌላው ጉዳይ የተናገሩትም ሁሉ እንደዚሁ የጠራ ይመስለዋል፤ ስለ ሃይማኖት የሚናገሩትንም ሳይመረምር ይከተላል። ሁለተኛው ጉዳት የሚመጣው እሳቸው የእስልምና አላዋቂ ወዳጅ ካሉት ሰው ነው። ይህ ሰው ሃይማኖቱን የረዳ መስሎት የፈላስፎችን ዕውቀት በሙሉ ይክዳል፤ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ ግርዶሽ የሚሉትን እንኳ ከሸሪዓ ጋር ይጣረሳል ይላል። ስሌቱን በማስረጃ ያወቀ ሰው ይህን ሲሰማ ስሌቱን አይጠራጠርም፤ የሚጠራጠረው እስልምናን ነው።

«ተሃፉቱል ፈላሲፋ» በተባለው መጽሐፋቸው መግቢያም ይህንኑ ያጸናሉ። የጨረቃ ግርዶሽ የሚሆነው ምድር በፀሐይና በጨረቃ መካከል ስትገባ ነው፤ የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ደግሞ ጨረቃ በተመልካቹና በፀሐይ መካከል ስትገባ ነው። ይህን መከራከር የሃይማኖት ግዴታ ነው የሚል ሰው፣ ይላሉ ኢማሙ፣ ሃይማኖቱን ይጎዳል። ይህን የጻፉት ፈላስፎችን በ20 ጉዳዮች ለመሞገት በተነሡበት መጽሐፍ ውስጥ መሆኑ አባባላቸውን ይበልጥ ያከብደዋል። ከተቃዋሚ ጋር ሲሟገቱ እንኳ እውነት የሆነውን ቃሉን አልነፈጉትም።

በእኛ ዘመን እነዚህ ሁለት ጉዳቶች አልጠፉም። ከጎናቸው ግን ሦስተኛ ቆሟል። ሦስተኛው ሰው እንደ አላዋቂው ወዳጅ ሳይንስን አይክድም። እንደ ተማሪውም በሳይንስ ተማርኮ ሃይማኖቱን አይተውም። ሳይንስን ተበድሮ ሃይማኖቱን ሊያስጌጥበት ይሻል። አላዋቂው ወዳጅና ይህ ሰው አንዱ በመካድ፣ ሌላው በመበደር ቢለያዩም መሠረታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም የሃይማኖትን ክብር በአንድ የተፈጥሮ ጉዳይ ላይ አንጠልጥለውታል። በሰው ወርቅ አይደምቁ ይላሉ አበው፤ ብድር ባለቤቱ የጠየቀ ዕለት ይመለሳልና።

ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር መጨመር አለብን። ኢማም አል-ገዛሊ ራሳቸው «ጀዋሂሩል ቁርኣን» በተባለው መጽሐፋቸው የዕውቀቶች ሁሉ ምንጭ ቁርኣን እንደሆነ የሚያመለክት ቃል ጽፈዋል፤ የዛሬዎቹ ጸሐፊዎችም ይህን ይጠቅሳሉ። በዚያ ቦታ ግን የኢማሙ ሐሳብ የአላህን ሥራዎች የሚጠቅሱ አናቅጽን በሙላት ለመረዳት የሥራዎቹ ዕውቀት ይጠቅማል የሚል ነው። ግርዶሽን፣ የፀሐይን ጉዞ፣ የሰውን አካል ያወቀ ሰው አንቀጹን በጥልቀት ያስተነትናል። ይህ ዕውቀት አንባቢውን ያገለግላል፤ የአንቀጹ ዳኛ ሆኖ ግን አይሾምም።

ከተፍሲር ታሪክ የሚገኝ ማስጠንቀቂያ

ሦስተኛው ጉዳት የግምት ጉዳይ አይደለም፤ ታሪክ አሳይቶናል። ታላቁ ሙፈሲር ኢማም ፈኽሩዲን አር-ራዚ (በ606 ዓ.ሒ.፣ 1210 እ.ኤ.አ. የሞቱ) በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 22 አላህ ምድርን ምንጣፍ ማድረጉን ሲያብራሩ፣ ምድር ለዚህ እንድትሆን የመጀመሪያው መስፈርት አለመንቀሳቀሷ ነው ብለው በማስረጃ ይሟገታሉ። በዚያው ቦታ ምድር ክብ መሆኗ ከምንጣፍነቷ ጋር እንደማይጣረስም ያስረዳሉ፤ በጣም ትልቅ የሆነ ክብ ነገር ላዩ ላይ ላለ ሰው ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያልና። ሁለቱም ማብራሪያዎች በዘመኑ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ዘንድ የጸደቁ ነበሩ። ዛሬ ሁለተኛው ጸንቶ ሲገኝ የመጀመሪያው ወድቋል። ኮፐርኒከስ መጽሐፉን በ1543 እ.ኤ.አ. ካሳተመ በኋላ በተከታታይ በተገኙ ማስረጃዎች ምድር በራሷም በፀሐይ ዙሪያም እንደምትዞር ታውቋል። አንቀጹ ግን አልወደቀም፤ ምድር ዛሬም ለሰው ልጅ የተመቸች መኖሪያ ናት። የወደቀው ከአንቀጹ ጋር ታስሮ የነበረው የዘመኑ ዕውቀት ነው።

ሌላው ምሳሌ የሰባቱ ሰማያት ነው። የጥንቱ ሥነ ፈለክ ጨረቃን፣ ሜርኩሪን፣ ቬነስን፣ ፀሐይን፣ ማርስን፣ ጁፒተርንና ሳተርንን በሰባት ክበቦች ደርድሮ፣ ከዋክብትን በስምንተኛው፣ ሁሉንም የሚያዞረውን ደግሞ በዘጠነኛው ላይ ያስቀምጥ ነበር። አንዳንድ ሰዎች ሰባቱን ሰማያት ከሰባቱ ክበቦች፣ ኩርሲይን ከስምንተኛው፣ ዐርሽን ከዘጠነኛው ጋር አገናኙ። ኢብኑ ከሢር (በ774 ዓ.ሒ. የሞቱ) በአያተል ኩርሲይ ማብራሪያቸው ስለ ስምንተኛው ክበብ የተባለውን ጠቅሰው፣ ሌሎች እንዳልተቀበሉት ያስታውሳሉ። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ከክበብተኞቹ ወጥታ መካከል ላይ ተቀመጠች፤ ዩራኑስ በ1781፣ ኔፕቱን በ1846 እ.ኤ.አ. ተገኙ። ቁጥሩ ፈረሰ። ያን ጊዜ አንድ ተማሪ ኢማኑን በዚያ ስምምነት ላይ ገንብቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይደርስበት ነበር?

የአንዳሉሱ ሊቅ ኢማም አሽ-ሻጢቢ (በ790 ዓ.ሒ.፣ 1388 እ.ኤ.አ. የሞቱ) «አል-ሙዋፈቃት» በተባለው መጽሐፋቸው የተፈጥሮን፣ የሒሳብንና የሎጂክን ዕውቀት ሁሉ ለቁርኣን የሚሰጡ ሰዎችን ድንበር አልፈዋል ብለው ተችተዋል። ማስረጃቸው ቀላልና ጠንካራ ነው፦ ቁርኣንን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ሰሓቦችና ተከታዮቻቸው ነበሩ፤ ከእነርሱ ግን እንዲህ ያለ ንግግር አልተላለፈም። መልእክቱም የወረደው ለመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች በሚገባ ቋንቋ ነው። የአንድ አንቀጽ ዋና ትርጉም እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ለማንም ሳይገለጥ ቆየ ማለት፣ በመጀመሪያው ትውልድ ላይ የተነገረ ከባድ ቃል ነው።

የሱረቱዝ ዛሪያት አንቀጽ 47 ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። አንቀጹ አላህ ሰማይን በኃይል መገንባቱን ይናገራል፤ የመጨረሻው ቃሉም ከስፋት ሥር የወጣ ነው። ከቀደምት ሙፈሲሮች ገሚሱ ቃሉን በችሎታ ስፋት፣ ገሚሱ ሰማይን ዳር እስከ ዳር በማስፋት ተርጉመውታል። ኤድዊን ሃብል በ1929 እ.ኤ.አ. ጋላክሲዎች እርስ በርስ እንደሚራራቁ የሚያሳየውን ውጤቱን ካሳተመ በኋላ ግን፣ አንቀጹ በትክክል ይህን ግኝት ማለቱ ነው የሚል ንባብ ተስፋፋ። ቃሉ የስፋትን ትርጉም መሸከሙን አንክድም። አንድን አማኝ ስለ ዓለም ስፋት ተምሮ በዚህ አንቀጽ ላይ ቢያስተነትን አንነቅፈውም። የምንነቅፈው ሊሆን የሚችለውን አንድ ትርጉም ብቸኛው አድርጎ፣ ከዚያም የቁርኣን እውነተኛነት ማረጋገጫ አድርጎ ማቅረብን ነው።

ሁለት ቃላት፣ ሁለት ነገሮች

የስሕተቱ ሥር «እምነት» በሚለው ቃል ውስጥ ተሸሽጓል። ሰሞኑን በብዙ ክርክሮች ውስጥ ሳይንስም እምነት ነው፤ ስለዚህ ከሃይማኖት ጋር እኩል ነው የሚል ክርክር እንሰማለን። ቋንቋችን ግን ከአንዱ ሥር ብዙ ቅርንጫፍ አውጥቶ ይለያቸዋል። ሃይማኖት ያለው ሰው እምነት አለው እንላለን፤ በታማኝ ሚዛን፣ በሐቀኛ ነጋዴ፣ በተፈተነ ሐኪም ላይ ያለን ደግሞ አመኔታ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሃይማኖቱን ኢማን፣ የሳይንሱን አመኔታ ብለን እንለያቸዋለን።

ሳይንስ ያለ አመኔታ አንድ እርምጃ አይሄድም። ተመራማሪው ተፈጥሮ ሥርዓት እንዳላት፣ ትናንት የሆነው ነገም በተመሳሳይ ሁኔታ እንደሚሆን ያምናል። ይህን በቤተ ሙከራ አያረጋግጠውም፤ እያንዳንዱ ሙከራ አስቀድሞ ይህንኑ ይዞ ይነሣልና። ኢማም አል-ገዛሊ በ«ተሃፉት» 17ኛ ጉዳይ ላይ ያነሡት ይህን ነው። እሳት ጥጥን ሲነካ መቃጠሉን እናያለን፤ የምናየው ግን ሁለቱ አብረው መሆናቸውን እንጂ አንዱ ያለ ሌላው ሊሆን አለመቻሉን አይደለም። አድራጊው አላህ ነው፤ መከታተሉም እሱ ያስኬደው ልማድ (ዓዳ) ነው። ታዲያ ቤቱ ውስጥ መጽሐፍ ትቶ የወጣ ሰው መጽሐፉ ፈረስ ሆኖ ይቆየኛል ብሎ ይፍራ? ለሚል ጥያቄ፣ አይፈራም፤ አላህ ይህን እንደማያደርግ የሚያሳውቅ ዕውቀት በውስጣችን ፈጥሯል፤ የልማዱ መደጋገምም በአእምሯችን አጽንቶታል ብለው ይመልሳሉ። ኢብኑ ሩሽድ (በ595 ዓ.ሒ.፣ 1198 እ.ኤ.አ. የሞቱ) መንስኤን የካደ ዕውቀትን ካደ ብለው ይህን ሐሳብ ተቃውመዋል። ሁለቱ ሊቃውንት በምክንያቱ ቢለያዩም፣ የተፈጥሮ ሥርዓት ሊታመንበት የሚገባ መሆኑን ግን አንዳቸውም አልካዱም።

ተመራማሪው በሌሎች ዘገባም ይታመናል፤ ሁሉን በዓይኑ ሊያይ፣ በእጁ ሊለካ አይችልም። ይህ ለሐዲሥ ተማሪ እንግዳ አይደለም። ማን አየ? ከማን ሰማ? ታማኝ ነውን? ትዝታው ጠንካራ ነውን? የሚሉት ጥያቄዎች የሐዲሥ ሊቃውንት ኢስናድን የመረመሩባቸው ናቸው። ስለዚህ ሳይንስ ያለ እምነት ይቆማል የሚል ሰው ሳይንስን አላወቀውም።

ነገር ግን አመኔታ ኢማን አይደለም። የሳይንስ አመኔታ የተሰጠው ሊነሣ ነው። ኢብኑል ሀይሠም በበጥሊሞስ ላይ ባቀረቡት የጥርጣሬ መጽሐፋቸው፣ የእውነት ፈላጊ ማለት የቀደምቶችን መጻሕፍት ባነበበ ቁጥር የሚያምናቸው ሳይሆን የራሱን ግንዛቤ ጭምር እየተጠራጠረ ወደ ማስረጃ የሚሄድ ነው የሚል መርሕ አስቀምጠዋል። ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የስበት ሕግ ከ200 ዓመት በላይ ያለ ተቀናቃኝ ነግሧል። ሆኖም በሜርኩሪ ምሕዋር ላይ በመቶ ዓመት ውስጥ አንዲት ዲግሪ በ3,600 ከተከፈለች 43ቱን ክፍል ብቻ የሚያህል ልዩነት ሳይፈታ ቀረ። አንስታይን በ1915 እ.ኤ.አ. አዲስ ትንታኔ አቅርቦ ይህን ፈታ፤ በግንቦት 1919 እ.ኤ.አ. በታየው የፀሐይ ግርዶሽ ወቅት የተደረገው ልኬትም አገዘው። ሳይንቲስቶች በዚህ አላፈሩም፤ የሙያቸው ክብር በዚሁ መታረም ነውና።

ኢማን ከዚህ ይለያል። በልብ ማጽደቅ፣ በአንደበት መመስከር ነው፤ ብዙ ዑለማእም በአካል መሥራትን ይጨምሩበታል። ጨረቃ በ27 ቀን ከሩብ በሚያህል ጊዜ ምድርን መዞሯን የተቀበለ ሰው ለጨረቃ የሚገባው ግዴታ የለም። በአላህ ያመነ ሰው ግን ሕይወቱን ሰጥቷል፤ ይወዳል፣ ይፈራል፣ ይከጅላል፣ ይታዘዛል። የሚያምንበትም ሩቁን (ገይብን)፣ የትንሣኤን ቀን፣ ምርመራውን ነው፤ እነዚህን መሣሪያ አይለካቸውም። ይህ ማለት ግን ኢማን ያለ ማስተዋል የሚያዝ ነው ማለት አይደለም። ቁርኣን ግመልን፣ ሰማይን፣ ተራሮችን እንድንመለከት ይጠራናል። ኢብራሂምም (ዐ.ሰ.) ጌታቸው ሙታንን እንዴት ሕያው እንደሚያደርግ እንዲያሳያቸው የለመኑት ክደው ሳይሆን ልባቸው እንዲረጋ ነበር።

እንግዲህ ኢማንን በሳይንስ ግኝት ላይ የሚያስደግፍ መምህር፣ ለዘላለም የተሰጠውን ሊነሣ በተሰጠው ላይ ያቆመዋል። ሳይንስም እምነት ነው ብሎ የሚከራከረውም ቢሆን ሃይማኖቱን አልጠቀመም፤ ኢማንን ወደ ጊዜያዊ ግምት ዝቅ አድርጎታል።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

ብዙ ሰዎች በዚህ መንገድ እስልምናን ተቀብለዋል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። በዚህ በር የገባን ሰው በደስታ እንቀበለዋለን። ግን በር መሠረት አይደለም። ገብቶ በበሩ ላይ የቆመ ሰው ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ፣ ሶላትን፣ ሥነ ምግባርን፣ የቁርኣንን ምሪት እንዲቀምስ ማድረግ የመምህሩ ድርሻ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከዶክተር ቡካይ መጽሐፍ ይመነጫል፦ እኛ የምናነጻጽረው ገና ካልጸና ንድፈ ሐሳብ ጋር ሳይሆን በማያጠራጥር ሁኔታ ከተረጋገጠ ግኝት ጋር ብቻ ነው ይላል። ጥንቃቄው መልካም ነው። ነገር ግን ያልጸናውን ከጸናው የሚለየው መስመር በዘመኑ ለሚኖር ሰው ሁልጊዜ አይታይም። የምድር አለመንቀሳቀስ ለአር-ራዚ ዘመን ሊቃውንት፣ የኒውተን ሕግ ፍጹምነት ለ19ኛው ምዕተ ዓመት ሰዎች የተረጋገጡ ይመስሉ ነበር።

ታዲያ የቁርኣን ተኣምርነት ወዴት ሄደ? ለሚል ጠያቂ፣ ቀድሞ ወደነበረበት ብለን እንመልሳለን። አል-ባቂላኒ (በ403 ዓ.ሒ. የሞቱ) እና ዐብዱልቃሂር አል-ጁርጃኒ (በ471 ዓ.ሒ. የሞቱ) የቁርኣንን ኢዕጃዝ ሲያብራሩ በቃሉ አሰካክ፣ በአነጋገሩ ልዕልና ላይ አተኩረዋል። ቁርኣን መሰሉን አንዲት ሱራ አምጡ ብሎ የተፎካከረው ዐረብኛን እንደ እናት ጡት የጠቡትን ሰዎች ነው፤ የፉክክሩ ሜዳም ንግግር ነበር።

የመምህሩና የኢማሙ ድርሻ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላን ጨምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ ታይቷል። ጊዜው ከብዙ ዓመታት በፊት ተሰልቶ ይታወቅ ነበር። አንድ ኢማም እንዲህ ያለውን ዕለት ለሁለቱም ዕውቀቶች ሊያውለው ይችላል። ጨረቃ በፀሐይና በእኛ መካከል መግባቷን በግልጽ ያስረዳል፤ ከዚያም ተነሥቶ ሶላተል ኩሱፍን ያሰግዳል። ስሌቱ ሶላቱን አያስቀረውም፤ ሶላቱም ስሌቱን አይክደውም። ምክንያቱ ታወቀ ማለት ምልክትነቱ ቀረ ማለት አይደለም፤ በረሃ ላይ ያለው ዘላንም በመነጽር የሚመለከተው ሊቅም በአንድ ሰፍ ሊቆሙ ይችላሉ።

በትምህርት ክፍልም እንዲሁ ነው። ስለ ፍጥረት የሚናገር አንቀጽ ሲደርሰን በመጀመሪያ ቀደምቶች ምን እንዳሉ፣ አንቀጹ ለምን ዓላማ እንደተነገረ እናስተምር። የዘመኑን ዕውቀት ስንጨምር ለማስተንተን የሚረዳ እንደሆነ፣ ነገ ሊሻሻል እንደሚችልም አብረን እንንገር። ያልጠራን ጉዳይ ሲገጥመን አላህ ያውቃል ማለት የቀደምት ዑለማእ አደብ ነው፤ ከመምህሩ ክብር አያጎድልም።

ይህን ሁሉ የምንለው ስለ አንድ ተማሪ ነው። ይህ ተማሪ ጠዋት በትምህርት ቤት ፊዚክስና ሥነ ሕይወት ይማራል፤ ማታ ወይም በእረፍት ቀኑ ከእኛ ዘንድ ቁርኣን ይቀራል። ቁርኣን እውነት የሆነው በዚህ ግኝት ምክንያት ነው ብለን ከላክነው፣ ግኝቱ በተሻሻለ ዕለት ብቻውን ይቆማል፤ ያን ጊዜ እኛ ከጎኑ አንኖርም። ሁለቱን ዕውቀቶች በየቦታቸው አድርገን፣ አንዱን በአመኔታ እንዲመረምር፣ ሌላውን በኢማን እንዲይዝ ካስተማርነው ግን መጽሐፎቹ ቢለወጡ እንኳ አይናወጥም። ወላሁ አዕለም።